ጂንካ ጂንካን ሲያሳድድ

ከቀይ አፈር ጂንካ በሚደረገው የብስክሌት ውድድር የጂንካ ቡድናችንን መኪና የምነዳው እኔ ነኝ። መኪናው የባለቤቴ የሚልክያስ ነበር፤ ቡድኑንም ያሠለጠነው እሱ ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ ከጎኔ የሚቀመጠው አቶ ሽመልስ ነው። የቡድን መሪ ሆኖ ሲሾም ኮፍያና ፊሽካ ገዛ። ብስክሌት ላይ ግን ወጥቶ አያውቅም።

ካኮን እንዳለፍን የኛው ተገኝ ከሁሉም ተነጥሎ ብቻውን ወደፊት አመለጠ። ተገኝ የአሪ ገበሬ ልጅ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ያን ቀን አንደኛ የሚወጣውን ለመውሰድ ቃል ገብቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለተገኝ ዕድሜው አይፈቅድለትም።

«ማን ፈቀደለት?» አለ አቶ ሽመልስ።

«እግሩ» አልኩ።

«ወይዘሮ አረጋሽ፣ ቀልድ አይደለም። አምበሉ ሶፊያን ነው። የክብር እንግዳው ሜዳሊያውን ለአምበሉ እንደሚያጠልቁ ተነግሯቸዋል። ፕሮግራሙ ወጥቷል!»

በመስኮቱ እስከ ወገቡ ወጥቶ ፊሽካውን ነፋ፤ «አምጡት!» ብሎ ጮኸ። የቀሩት አራቱ ልጆቻችን ተያዩ። ከዚያም ከሁሉ ፊት ሆነው ጓደኛቸውን ማሳደድ ጀመሩ።

ከፊት ያለው ነፋሱን ይሰብራል፤ ከኋላው የተጠለለው ጉልበቱን ይቆጥባል። ጓደኛህ ካመለጠ አንተ ትጠለላለህ፤ ማሳደዱን ለሌሎች ትተዋለህ። ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። የተፎካካሪያችን የአርባ ምንጭ ቡድን ልጆች ከኛዎቹ ኋላ ተሰልፈው ተረጋግተው ውሃ ይጠጣሉ። አሠልጣኛቸው ዘውዴ መኪናውን ከጎናችን አምጥቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ጋሽ ሽመልስ፣ እጅዎ ይባረክ! ልጆቼ እንዳይደክሙብኝ አስበው ነው አይደል?»

«የቡድን ሥራ ማለት ይሄ ነው!» አለው አቶ ሽመልስ። ምስጋና መስሎታል። ዘውዴ ከሳቁ ብዛት መንገዱን ሊስት ምንም አልቀረው።

ዳገቱ ላይ የተገኝ ጀርባ መታየት ሲጀምር ሶፊያን ውሃ ሊቀበል ወደ እኔ መስኮት ተጠጋ።

«እትዬ፣ ጋሼ ቢኖር ምን ይለን ነበር?»

ስለ ሚልክያስ ከሰው ጋር አላወራም። የሚጠይቀኝን ሁሉ «ደህና ነኝ» ብዬ እሸኛለሁ። ለሶፊያን ግን መለስኩለት።

«መግፋቱን ተዉት ይላችሁ ነበር። ከፊት ሆናችሁ አዝግሙ። ከአርባ ምንጮች ወደፊት የሚወጣ ካለ አንዳችሁ ከኋላው ተለጠፉበት፤ እንዳትመሩለት።»

«ወይዘሮ አረጋሽ!»

አቶ ሽመልስ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተ። እኔ ክላክሱን ተጫንኩት፤ ሶፊያን ጓደኞቹ ጋ እስኪደርስ ድረስም አልለቀቅኩትም።

አራቱ ፍጥነታቸውን ቀነሱ። ዘውዴ መሳቁን ተወ። የሱ ልጆች በተራቸው ወደ ነፋሱ ወጡ፤ በወጡ ቁጥር ግን የኛ ልጅ ከኋላቸው አለ። ተገኝ ጂንካ ሲገባ የቀደማቸው በሁለት ብስክሌት ርዝመት ነው።

አቶ ሽመልስ ማይክሮፎኑን ለመጨበጥ ጊዜ አላጠፋም። «ማሳደዱ ተቃራኒን ለማድከም ሆን ተብሎ የተነደፈ ታክቲክ ነበር!» አለ። ተጨበጨበለት። ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሳ።

ተገኝ መኪናዬን ተደግፎ ያለከልካል።

«እትዬ፣ ዞር ስል የኛን ማሊያ ያየሁ መሰለኝ። ማን ነበር የሚያሳድደኝ?»

«የኛው ልጆች ናቸው።»

ሶፊያንን አየው። ሶፊያን አቀረቀረ።

«ታዘው ነው» አልኩት። «አንተም ክለቡ ዘንድ ስትደርስ፣ ከመፈረምህ በፊት አንድ ነገር ጠይቅ። መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው ሰውዬ ብስክሌት ነድቶ ያውቃል ወይ በላቸው።»