ሠሪው ያልታወቀ ምድጃ

እትዬ ባይነሽ ባላቸው ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ገብረ ማርያም ከሞተ ወዲህ፣ ለቅሶ ካልሆነ በቀር ከመርካቶው ምን አለሽ ተራ ወጥተው አያውቁም። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ የታሪክ ፓርክ ተከፈተ ሲባል ግን፣ «ታሪክ ጎረቤት መጥቶ ሳልጠይቀው ብቀር ነውር ነው» ብለው ነጠላቸውን ጣል አድርገው ብቻቸውን ሄዱ።

ፓርኩ ሣር ነው፤ ሣሩም አይረገጥም። አግዳሚ ወንበር አለው፤ ቀለሙ ግን አልደረቀም። መሃል ላይ ካለው የቅርስ ቤት ሲገቡ እትዬ ባይነሽ አንድ የመስታወት ሣጥን ፊት ደርቀው ቀሩ። የቆርቆሮ ከሰል ምድጃ መብራት በርቶለት፣ ቀይ ከፋይ ተነጥፎለት፣ እንደ ሙሽራ ተጎልቷል።

ምስማሮቹ ሁሉ ወደ ግራ ተቆልምመዋል። በምን አለሽ ተራ በግራ እጁ የሚቀጠቅጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ገብረ ማርያም።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ጽሑፍ ምን ይላል? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቆጠርከውን አሰማኝ።»

አስጎብኚው ሰሚር ጉሮሮውን ጠረገ። «የመቶ ሃምሳ ዓመት ጥንታዊ ምድጃ። ሠሪው ያልታወቀ።»

«ያልታወቀ? አርባ ዓመት አብሬው ተኝቼ ያልታወቀ?»

«ማን፣ እማማ?»

«ባሌ ነዋ! ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው የሠራው ነው። ጎንበስ በልና ሆዱን እይ፤ የተሠራበት የዘይት ቆርቆሮ የአበባ ሥዕል እንኳ አልለቀቀም። የዚያ ዘመን ሰው የሱፍ ዘይት በቆርቆሮ ይገዛ ነበር?»

ሰሚር ጎንበስ ብሎ አየ። ቢጫው አበባ ፍንትው ብሏል። ልጁ ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ በሞቴ ይተዉት። ሠሪው ከታወቀ ዕድሜውም ይታወቃል። ዕድሜው ከታወቀ ደግሞ ቅርስ መሆኑ ቀረ፤ አውጥተው ይጥሉታል። ዝም ካሉ ግን ባልዎ እዚህ በክብር ይኖራሉ።»

«ያለ ስሙ?»

«ያለ ስማቸው።»

ገብረ ማርያም ዕድሜ ልኩን አስፋልት ዳር አቧራ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ከፋይ የተነጠፈለት ሥራው ይሄ ብቻ ነው። ይጣል እንዳይሉ አንጀታቸው እምቢ አለ። «ያልታወቀ» ሲባል መስማት ደግሞ ደማቸውን አፈላው።

«ስማ» አሉ በመጨረሻ፣ «ጽሑፉን አትንካው።»

«አልሐምዱሊላህ!»

እትዬ ባይነሽ የዘበኛውን ወንበር ጎትተው ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጡ። ሁለት ሴቶች ገብተው ወደ ጽሑፉ ሊያጎነብሱ ሲሉ፣ «ኑ፣ ዓይናችሁን አታድክሙ» አሏቸው። «ሠሪው ገብረ ማርያም ይባላል፤ የምን አለሽ ተራ ግራኝ። ምስማሩን እዩት!»

«እማማ፣ ተስማምተን አልነበር?»

«ጽሑፉን ነካሁብህ? ይልቅ ለእንግዶቼ ወንበር ፈልግ።»