ድስትና ቴሌቪዥን በአንድ ጣሪያ

ጅማ ውስጥ የመንደራ ቆጪ ሰፈር ዕድር ድስት፣ አግዳሚ ወንበርና ድንኳን የሚቀመጠው እኔ ቤት ነው። ንብረት ጠባቂ ይሉኛል። ሹመቱ ሲጠሩት ያምራል፤ ጥላሸቱን የምትጠርገው ግን ሚስቴ እታገኝ ናት። ዕድራችን የእስላምም የክርስቲያንም ስለሆነ ድስቱ ሁለት ወገን ነው። ጆሮው አረንጓዴ የተቀባው የእስላም፣ ቀይ የተቀባው የክርስቲያን። እንዳይነካኩ መሃላቸው የምተኛው እኔ ነኝ።

ምስጋና ግን ማን አየ! ድስት ከተሸነቆረ "ወልደሰማያት ምን ሲያደርግበት ነው?" ይባላል። ለቅሶ ቤት ወንበሩን ደርድሬ፣ ድንኳኑን ወጥሬ፣ ማዕድ ሲቀርብ ሰሃን የሚደርሰኝ መጨረሻ ነው፤ ያውም አጥንቱ። ሊቀመንበራችን አቶ ጀማለዲን ደግሞ፣ ድሮ ቡና ነጋዴ፣ ዛሬ የኅብረት ሱቅ ኃላፊ፣ አንድ ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። "ማነህ፣ ባለድስቱ!" ነው የሚለኝ። እስከ አራተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን ሰዎች ነን እኮ! እኔ አባቴ ሲሞት ትምህርቱን አቋረጥኩ፤ እሱ ቀጠለና ስሜን ረሳው።

አንድ ጊዜ "ጥሩ ጥሩውን ወንበር ለዘመዶቹ ብቻ ያወጣል" ብለው አሙኝ። ደሜ ፈላ። በጉባኤ ብድግ ብዬ "እንግዲያው ሰው ሲሞት የዕድሩ ንብረት አንድ ዕቃ ሳይቀር ለቅሶ ቤት ይውጣ!" አልኩ። እጅ ወጣ፤ ሕግ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሕፃንም ይሙት ሽማግሌ፣ ቤቴ ኦና እስኪሆን ይጫናል።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲቃረብ ከቀበሌ "ማኅበራት በዓሉን በንቃት ይከታተሉ" የሚል መመሪያ ወረደ። ዕድራችንም በንቃት ለመከታተል ቴሌቪዥን ልግዛ አለ። ወሬውን ለእታገኝ ስነግራት ጥላሸት መጥረጓን ትታ፣

"የዕድሩ ንብረት የሚቀመጠው የት ነው?" አለችኝ።

"እኛ ቤት።"

ተያየን። በማግስቱ ግድግዳውን በጋዜጣ ስትለጥፍ አገኘኋት። እኔም ሥራዬን ትቼ አሳብ ውስጥ ገባሁ። ጀማለዲን ደጄ ላይ ጫማውን ሲጠርግ ታየኝ። "ወልደሰማያት፣ እባክህ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርገው" ሲለኝ ሰማሁት። በስሜ! ከዚህ ዓለም ሌላ ምንም አልፈልግም።

የቱ ይገዛ ለሚለው ጉባኤ ተጠራ። ቡና እየጫነ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሾፌር፣ ገመቹ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ አይቶ እንዲመጣ ታዝዞ ነበርና ቆሞ አስረዳ።

"ፊሊፕስ አለ። ትልቅ ነው፤ እንደ ቁም ሣጥን መዝጊያ አለው፤ አራት እግር አለው። ናሽናል ደግሞ አለ። ትንሽ ነው፤ እጀታ አለው፤ እንደ ሻንጣ አንጠልጥለኸው ትሄዳለህ። ግሩንዲግም አይቻለሁ፤ እሱ መሃከለኛ ነው።"

"ሥዕሉስ? የማን ይጠራል?" አልኩት።

"እኔ ምን አውቄ፣ አቦ! ሁሉም ጠፍተው ነበር።"

ስለዚህ ያነጻጸርነው ሣጥናቸውን ነው። ጀማለዲን ጉሮሮውን ጠረገ። "ለሰፊው ሕዝብ የሚሆነው ትልቁ ነው። እርግጥ አራት እግር ያለው ዕቃ ሰፋ ያለ ሳሎን ይፈልጋል" አለና ወደ ጣሪያው አየ። ሰፋ ያለ ሳሎን ያለው ማን እንደሆነ መንደሩ ያውቃል።

"ለጭቁን ሕዝብ ትንሹ ይመቻል" አልኩ። ትንሹ በኔ በር ይገባላ!

"ጭቁኑ ሕዝብ ትልቅ ነገር አይገባውም ነው የምትለው፣ ጓድ?"

ቁጭ አልኩ። በዚያ ዘመን "ጓድ" ሲሉህ ቁጭ ማለት ነው።

ልብስ ሰፊው ቲጃኒ ከኋላ ተነሣ። "ለምን የወዳጅ አገር፣ የሶቪየት አንገዛም?" አለ።

"እንግዛ" የሚል የለም፤ "አንግዛ" ብሎ አፉን የሚያላቅቅም የለም። ሁሉም ጥፍሩን ያይ ጀመር። ገመቹ ደረሰልን፦ "ሱቅ ውስጥ አላየሁም።"

"ካልታየማ!" አልን ሁላችንም። በዕድራችን በአንድ ድምፅ የተወሰነ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ አሮጊቷ እማማ ኩልሱም ምርኩዛቸውን መሬት መቱ። "ማሎ፣ እባካችሁ ልጆቼ፣ ይሄ የምትሉት ነገር የእስላም ነው የክርስቲያን? ድስቱ ሁለት ወገን ነው። የእሱስ ጆሮ ምን ሊቀባ ነው?"

"ጆሮ የለውም፣ እማማ" አለ ገመቹ።

"ጆሮ ሳይኖረው ነው የሚያወራው? እንደ ካድሬ?"

ሳቅ ሊያፈነዳን ሲል ሁላችንም ሳልን። ሳል ይፈቀዳል።

"ላዩ ላይ ሁለት ቀንድ አለው፤ አንቴና ነው" አለ ገመቹ።

"አልሐምዱሊላህ! እንግዲያው አንዱን ቀንድ አረንጓዴ፣ አንዱን ቀይ ቀቡት።"

ይህም ተወሰነ። ትልቁም እንዲገዛ ተወሰነ። ከዚያ ጀማለዲን የልቡን አወጣ። "ባለድስቱ፣ መቼም የአንተ በር ይሄን አያስገባም" አለ።

"በሩ የኔ ጣጣ ነው። ቴሌቪዥኑ የዕድር ንብረት ነው፣ አይደለም?"

"ይሄ እኮ ድስት አይደለም!"

"ንብረት ካልሆነ የማን ነው? የግል ነው?"

"የግል" የምትለውን ቃል ሲሰማ እንደ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ አገላበጣት። "የዕድር ንብረት ነው" አለ።

"ከድስቱ እኩል?"

"እኩል!"

"በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ!" አልኩ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ገመቹ ጭኖት መጣ። እውነትም የቤቴ በር አላስገባው አለ። መጥረቢያ አንስቼ የበሩን ጎን ጭቃውንም ማገሩንም አፈረስኩት። እታገኝ ጮኸች። የለጠፈችው ጋዜጣ ከነግድግዳው ወረደ። ቴሌቪዥኑ ግን ገባ።

ማታውን መንደሩ ተጠራርቶ ሞላ። ጀማለዲን ዘግይቶ መጣ፤ ወንበሩ አልቋል። ደጃፌ ላይ፣ ማለትም ቀዳዳዬ ላይ፣ የጫማውን ጭቃ ጠረገና የተደፋ ድስት ላይ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ ድስት ላይ! ቴሌቪዥኑ ጥቂት እንደ ዝናብ ሲንሿሿ ቆየና አንድ ሰውዬ ብቅ አለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ አይሰማም። ጀማለዲን ወደ እኔ ዞረ። አፉን ሲከፍት አየሁት።

"ወልደ..." አለ።

የለጢፋ ጩኸት ቆረጠው። ሚስቱ ናት፤ በሻሿ ራሷን እየመታች በቀዳዳው ገባች። ታመው የከረሙት እናቷ አርፈዋል።

"ኢናሊላሂ" አለ ጀማለዲን ከድስቱ ላይ እየተነሣ። ቀጥሎም፣ "ባለድስቱ! ዕቃውን አስጭን።"

ድንኳኑ ወጣ፤ ወንበሩ ወጣ፤ አረንጓዴውም ቀዩም ወጣ። ሲያበቃ ቲጃኒ ቆሞ ቴሌቪዥኑን አየ። "ይሄስ?"

"ይሄ ይቆይ" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"ከድስቱ እኩል ብለህ አልነበር? አንድ ዕቃ ሳይቀር ያልከውስ አንተ አይደለህም እንዴ?"

በአንድ በኩል እሱ፣ በአንድ በኩል እኔ ተሸክመን፣ በጭቃው እየተንሸራተትን፣ አጥር ማዶ ጀማለዲን ቤት አገባነው። በሩ ሰፊ ነው፤ ምንም ሳይነካው ገባ። ሳሎኑ ውስጥ ልኩን አገኘ።

ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትምና ነጠላ አለበሱት። ለቀስተኛው ፊት ለፊቱ ተደርድሮ ነጠላውን ሲያይ ሰነበተ። "ናሽናል ቢሆን በእጅ ይያዝ ነበር" ይላል አንዱ በሹክሹክታ። "ግሩንዲግ ነበር እንጂ" ይላል ሌላው። እስካሁን ሲበራ ያየነው ያንኑ አፉ የሚንቀሳቀስ ሰውዬ ነው። ሰሃን ሲዞር እኔ ጋ መጨረሻ ደረሰ። አጥንት ነበር።

ለቅሶው ሲያበቃ ድስቱን ጭኜ ለቴሌቪዥኑ ተመለስኩ። ጀማለዲን በር ላይ ቆሞ ነበር።

"ቤትህ ክፍት ነው አሉ፣ ባለድስቱ። ዝናብ ይመታዋል። የሕዝብ ንብረት ነው፤ ግድግዳህን እስክትሠራ እዚህ ይቆይ።"

ድስቱን ብቻ ይዤ ተመለስኩ። ቀዳዳው ላይ የቡና ጆንያ ሰቅዬበታለሁ። ጭቃ የሚደርቀው ዝናብ ሲያባራ ነው፤ ጅማ ደግሞ መቼ ያባራል! የአሥረኛው ዓመት ዕለት፣ ግራ ቀኜ ድስት ሆኖ ጋደም እንዳልኩ፣ ማርሹ ከጀማለዲን ሳሎን በጆንያው በኩል እየተቆራረጠ ገባ። እታገኝ ጆሮዋን አስጠግታ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

"እስቲ ተጣራና ንገረው" አለችኝ፤ "ድምፁን ትንሽ ከፍ ያድርገው።"