በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም

አብዮት በእግር ኳስ ሲናደድ የኖረበት ዘመን በፈረሰው ትዳሩ ከኖረበት ይበልጣል። አሜሪካ፣ ሬንተን ከተማ ባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ በምሳ ሰዓት ስልኩን ከፍቶ ውጤት ማየት ሲጀምር፣ አጠገቡ የተቀመጡት ሁሉ ቀጥሎ ምን እንደሚል በቃላቸው ያውቁታል።

«ኡዝቤኪስታን እኮ ዓለም ዋንጫ ገባች! ጆርዳን ገባች! እኛስ?»

እነሱ ሳንድዊቻቸውን ይበላሉ።

የእስያን ኳስ የሚከታተለው በፍቅር አይደለም፣ በቁጭት ነው። ጃፓን ማለፏ አይደንቀውም፤ የጃፓን ነገር የታወቀ ነው። የሚያንገበግቡት ትናንት ከእኛ እኩል ተሰልፈው፣ ዛሬ ዞር ብለው እንኳ የማያዩን ናቸው። ኢንዶኔዥያ ሆላንድ የተወለዱ የልጅ ልጆቿን አንድ በአንድ ለቅማ እስከ ማጣሪያው አፋፍ ደረሰች። ፊሊፒንስ አሜሪካ የተወለዱ ሴት ልጆቿን ሰብስባ በሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ አስተናጋጇን ኒውዚላንድን አሸነፈች። ትንሽ የምታጽናናው ቻይና ብቻ ናት። ያንን ሁሉ ሕዝብ ይዛ መቅረቷን ሲሰማ «ብቻችንን አይደለንም» ብሎ ቡናውን ይጠጣል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የፊሊፒንስ ብሔራዊ ቡድን ቤቱ ድረስ የመጣበት።

የተፈለገችው የእህቱ የማንአልሞሽ ልጅ ኖላዊት ናት። አባቷ ሮሜል ፊሊፒናዊ ነበር፤ እሷ ገና ድክ ድክ ስትል በልብ ሕመም ሞተ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አብዮት ቤት ይኖራሉ፤ አባትም አጎትም እሱ ሆነላት። ኳስ ያስተማራት እሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ዘነበም አልዘነበም፣ ሜዳ የሚያወርዳት እሱ ነው። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የኮሌጇ ቡድን የግራ ክንፍ ተጫዋች ናት፣ ስትሮጥ ተከላካዮቹ ከኋላ ማሊያዋን ብቻ ነው የሚያዩት። የእሱ ሕልም ያ ማሊያ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እንዲሆን ነበር። ግን የአገር ቤት ሕግ ሁለት ፓስፖርት አይፈቅድም። የአሜሪካውን ትተወዋ ብሎ አንድ ቀን ቢሞክር፣ ማንአልሞሽ «ይህን ወሬ ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳታነሳ» ብላ አፉን አስያዘችው።

ኖላዊት ነገሩን ስትነግረው እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ነበር። ቡድኑ ለልምምድ ካምፕ ሊወስዳት ይፈልጋል፣ ካምፑ ላይ ከወደዷት ደግሞ ትቀራለች። ተጫዋች የምትመለምልላቸው ሴት ከሩቅ መጥታለች፣ ኖርዝጌት የሚባል ሰፈር ሆቴል አርፋለች። «መጀመሪያ ጋሼን ማናገር አለብሽ አልኳት» አለችው። «እሺ ካልክ ብቻ ነው የምሄደው።»

አብዮት ኮራ። ኮርቶም ወዲያው ተናደደ። ስንት ዓመት አሠልጥኖ፣ ያሳደጋትን ልጅ ማን ይወስዳታል? እስያ!

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መልማይዋ መጣች። ቴሬሲታ ትባላለች፤ አጠር ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ፍራፍሬ በቅርጫት ይዛ የመጣች ሴት። አብዮት ሙሉ ልብስ ለብሶ ጠበቃት። ኖላዊትን ወደ ውስጥ ላካት፤ ልጅ ስትጠየቅ አጠገብ አትቀመጥም። ምሳ ተበላ። ከዚያ ቴሬሲታ ነገሯን አቀረበች። ልጅቱ በጣም ጥሩ እንደሆነች፣ አባቷ በሕይወት ቢኖር እንደሚኮራ፣ ዝርዝሩ ረቡዕ እንደሚዘጋና ከቤተሰቡ መልስ እንደምትፈልግ ተናገረች።

አብዮት ጉሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌ ሲላክ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤት የት አለ? እንዲያ ብሎ የሰጠ ልጁን ያራከሰ ነው። የእሱን እህት እንኳ ሮሜል ሊያገባ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ነበር የተመለሰው፣ ሦስተኛው ላይ ነው የተሳካለት። ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እስያም ትንሽ ደጅ ትጥና ብሎ አስቧል።

«መምጣትዎን አክብረናል» አላት። «ልጅቱ የአንድ ሰው ልጅ አይደለችም። እንመካከርበትና ሌላ ቀን ይመለሱ።»

«ጌታዬ፣ እስከ ረቡዕ ብቻ ነው ጊዜው።»

«ይገባኛል» አለ ፈገግ ብሎ። ጠያቂ መቼ ነው አልቸኮልኩም ብሎ የሚያውቀው?

ቴሬሲታ አመስግና ወጣች። በሩ ሳይዘጋ ማንአልሞሽ ተነሳችበት።

«ምን ማለትህ ነው? እሺ ብለሃት ብትሸኛት ምን ነበረበት?»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ተረጋጊ።»

«እሷ እኮ የቦሌ ልጅ አይደለችም! ይህን የት ታውቀዋለች?»

«ልጅ መጠየቅን የማያውቅ ሕዝብ የለም» አለ አብዮት። ነገሩ በዚህ አለቀ፣ ቢያንስ እሱ ያለቀ መሰለው።

ኖላዊት ከውስጥ ወጥታ እምቢ አልካት እንዴ ብላ ጠየቀችው፣ በእንግሊዝኛ።

«አላልኩም፣ ልጄ። ሁለተኛ ይመጣሉ። ያኔ እሺ እንላለን፣ ትሄጃለሽ።»

«ሶ፣ እኔ ኮል ላድርጋት?»

«እንዳታደርጊ! አንቺ ከደወልሽ ረከስሽ። ፈላጊ ነው የሚመጣው።»

ልጅቱ ዓይን ዓይኑን አየችው። የሚናገረውን እንደሚያውቅ አልተጠራጠረችም፤ ኳስ ላይ ዋሽቷት አያውቅም። «ኦኬ» አለች። የዚያኑ ዕለት ማታ ታኬታዋን ጠርጋ ሻንጣዋን አዘጋጀችና ከበሩ ሥር አስቀመጠችው።

ሰኞ ማንም አልመጣም። ማክሰኞ አብዮት ከሥራ ሲመለስ ብርቱካንና ሙዝ ገዝቶ ገባ፣ የእንግዳ። ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሳሎን ተቀመጠ። መንገድ ላይ መኪና ሲቆም መጋረጃ ይገልጣል። አንዱ የጎረቤት ነው፣ አንዱ ፒዛ የሚያደርስ ነው። ኖላዊት ደረጃው ላይ ተቀምጣ እሱን ታያለች፣ እሱ በሩን ያያል። እንዲህ ሆነው መሸ።

ሐሙስ ጠዋት ልጅቱ ሳታስፈቅደው ደወለች። ቴሬሲታ በጥሩ አንደበት አናገረቻት፤ ዝርዝሩ ትናንት ተዘግቷል፣ በቦታዋ ከካሊፎርኒያ ሌላ ልጅ ተወስዳለች።

አብዮት ጮኸ። መጀመሪያ ይሉኝታ በሌላቸው ሰዎች ላይ ጮኸ፣ ቀጥሎ በፊሊፒንስ፣ ቀጥሎ በእስያ በሙሉ። ጃፓንም አልቀረላትም።

ማንአልሞሽ ሰምታ ሰምታ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችና ጓዳ ገባች።

ዓርብ ጋሽ ተክለሃይማኖትን ይዞ ኖርዝጌት ሄደ። ጋሽ ተክለሃይማኖት የሬንተንን ባልና ሚስት ሁሉ ሲያስታርቁ የኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ፊት ወንበር ተቀመጡ። ኖላዊት ከኋላ ሻንጣዋን ታቅፋ ተቀመጠች። ለምን እንደያዘችው የጠየቃት የለም።

«ለመሆኑ» አሉ ሽማግሌው፣ መኪናው አውራ ጎዳናው ላይ እንደወጣ፣ «የሴት ወገን ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ የት አይተሃል?»

«አይቼ አላውቅም፣ ጋሼ።»

«እኔም አላየሁ።»

ቴሬሲታ ሆቴሉ መግቢያ ላይ ተቀበለቻቸውና ወንበር አሳየቻቸው። አብዮት አልቀመጥም አለ። «ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም» ብሎ ቆመ። ሽማግሌውም ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት እሷም ቆመች። እንዲያ ሆነው ሁሉም እንደ ተገተሩ አብዮት ለመነ። ልጅቱን አሞገሰ፣ አባቷን አነሳ፣ ይቅርታ ጠየቀ። በሕይወቱ ለኳስ ሲል ሰው ለምኖ አያውቅም ነበር።

«ጌታዬ» አለች ቴሬሲታ፣ «እኔ ቤትዎ መጣሁ። ረቡዕ ብዬ ነገርኩዎት። እስከ ማታ ስልኬን ይዤ ጠበቅሁ።»

«አንድ ጊዜ ተጠይቆ ብቻ ይተዋል? እኔ እኮ አልሰጥም አላልኩም!»

«እሺም አላሉም።»

ጋሽ ተክለሃይማኖት ዝቅ ባለ ድምፅ «እውነቷን ነው» አሉ።

«ለሚቀጥለውስ?» አለ አብዮት።

«ቃል ልገባልዎት አልችልም» አለች። ኖላዊትን ግን ወደ ደረቷ አስጠግታ አቀፈቻት፣ ረጅም ጊዜ አቀፈቻት። ያ ከእምቢታው የባሰ አመመው።

ሲመለሱ ሶዶ በሚባለው የከተማው ሰፈር መንገዱ ተጨናንቆ ስታዲየሙ ፊት ለፊት ቆሙ። በመጪው ሰኔ ዓለም ዋንጫ የሚመጣበት ስታዲየም ነው። በሌላ ቀን ቢሆን አብዮት እዚህ ሲደርስ ኡዝቤኪስታንን ያነሳ ነበር። ዛሬ የሚሰድበው አገር አጣ። የገዛ አገሩን እንኳ ቢፈልግ፣ በዚህ ጉዳይ አልገባችበትም። ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነበር፣ ይህንንም ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ሽማግሌውን አድርሶ እቤት ደጃፍ ፓርክ አደረገ። ኖላዊት ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። አብዮት መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ነገ ቅዳሜ ነው» አላት። «ሜዳ እንወርዳለን፣ አይደል?»

ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ መልሷ አንድ ነበር፣ «ኦኬ» ብላ መሮጥ። አሁን ግን ቆመች። ከዚያም እሱ ራሱ ባስተማራት አማርኛ፣ ረጋ ብላ፣ በትሕትና መለሰችለት።

«ላስብበት፣ ጋሼ።»