የስድስት ሰዓቱ ስልክ

«እትዬ ጋዝ» ታንኩን የገደለችው በገዛ እጇ ነው። ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች፤ ሰው ላይ ማላከክ አታውቅበትም።

ሴትዮዋ የወተት ፋብሪካው የፍሳሽ ማጣሪያ ኃላፊ ናት። ኃላፊ ይበሏት እንጂ ከሥሯ አንድም ሰው የለ። ጓሮ ውስጥ አንድ ግዙፍ ዝግ ታንክ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ወንበር፤ በቃ። ሽታውን ፈርቶ የሚጠጋት የለም፤ «እትዬ ጋዝ» የሚለውን ስሟንም ያወጡላት ከሩቅ ሆነው ነው። ታንኩ ውስጥ ባለው ጥቁር ዝቃጭ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይኖራሉ። አየር ይገድላቸዋል። ጨለማ ውስጥ ተዘግተው ግን ከፋብሪካው እጣቢ ጋር የመጣውን ቅባት ቆራርሰው ሚቴን ጋዝ ያደርጉታል። ጋዙ በቱቦ መጥቶ ክፍሏ ውስጥ ያለውን ምድጃ ያነዳል። በቀን ውስጥ የምታዋራው ያንን ሰማያዊ ነበልባል ብቻ ነበር።

ቅባት የሚሰጣቸው በትንሽ በትንሹ ነው። አንድ ሰኞ ግን ነበልባሉ ደከም ቢልባት ሆዷ ባባና የሳምንቱን ስብ ጠራርጋ ባንዴ ለቀቀችው። «ይብሉ እንጂ፣ ምን አለበት!» ማክሰኞ እሳቱ ጣሪያ ሊነካ ደረሰ፤ ደስ አላት። ሐሙስ ድርግም አለ። ስቡ ተሕዋስያኑን ለብጦ አፍኗቸው፣ ታንኩም ኮምጥጦ አረፈው። ወይ ነዶ!

እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ ከሌላ ታንክ ሕያው ዝቃጭ አምጥቶ መጨመር ነው። ስብ የለመደ ዝቃጭ ያለው ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ባለው ቄራ ብቻ። የቄራውን ታንክ የሚጠብቀው ታላቅ ወንድሟ ነው። «ዓይንሽን ጨፍነሽ ስሚው፤ ጤነኛ ነበልባል በድምፁ ይታወቃል» እያለ ሙያውን ያስተማራት እሱ ነው። ስድስት ዓመት ተኳርፈዋል። በሠርጉ ዋዜማ ስለ ሙሽራዋ «ይቺ ልጅ ጥላህ ትሄዳለች፣ ጋሼ» ብላው ነበር። ጥላው ሄደች። እውነቷን መሆኑ ነው ነገሩን ያከፋው፤ ብትሳሳት ኖሮ ይሄኔ ስቀውበት ረስተውት ነበር።

ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስታ መለሰችው። በአራተኛው ደወለች።

«ጋሼ… ታንኬ ሞተብኝ።»



«ስብ ነው?»

«አዎ።»

«ባንዴ ለቀቅሽው?»

«ባንዴ።»

«አይ ሚጣ!» አለ። ሚጣ የሚላት በልጅነቷ ነበር። «ስንት በርሜል ልላክልሽ?»

ስምንት በርሜል በመኪና መጣ። እሱ አልመጣም። በማግሥቱ ግን ልክ በስድስት ሰዓት፣ ሌላው ሁሉ ተጠራርቶ ምሳ ሲሄድ፣ ስልኳ ጮኸ።

«የኮምጣጣነት መለኪያው ስንት ይላል?» አለ ወንድሟ።

«ስድስት ነጥብ አንድ።»

«ገና ኮምጣጣ ነው። ምንም እንዳትሰጫቸው። ሰባት ሲገባ ጋዙ ይመጣል።» ደህና ዋይ እንኳ ሳይል ዘጋው።

በሚቀጥለውም ቀን ደወለ። በሚቀጥለውም። በሳምንቱ «ምሳ በላሽ?» ማለት ጀመረ።

«በላሁ። አንተስ?»

«ማን ሠርቶልኝ!» ብሎ ሳቀ።

ስለ ሠርጉ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ሁልጊዜ የሚዘጋው ግን እንዲህ ብሎ ነው፦ «ሲበራ ንገሪኝ፤ ከዚያ በኋላ አልጨቀጭቅሽም።»

በሃያኛው ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ቧንቧውን ከፍታ ክብሪት ጫረች። ቧ! ምድጃው እንደ ድሮው ማጓራት ጀመረ። «እሰይ! እሰይ የኔ ጀግኖች!» ብላ ብቻዋን አጨበጨበች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ቁጭ ስትል ነገሩ ገባት። ነገ ምን ብሎ ይደውላል? እንዲህ ያለ ብቸኝነት ታንኩ የሞተ ቀን እንኳ አልተሰማትም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ።

«እህስ፣ በራ?»

«ገና ነው፣ ጋሼ።»

ወንድሟ እንደሚያዳምጥ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መለኪያውስ?»

በቁጥር መዋሸት አታውቅበትም። «ሰባት» አለች።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰባት ገብቶ ካልበራማ ነገሩ ከባድ ነው፣ ሚጣ። በስልክ አይሆንም። እሑድ መጥቼ ልየው። ምሳ ሠርተሽ ጠብቂኝ።»

«እሺ» አለች።

የምድጃውን ጩኸት ያስተዋለችው ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው፤ ሲያወሩ ሁሉ አጠገቧ ሲያጓራ ነበር።