ዝሆኔና ባለ ስድስት ክሩ ቤዝ

በቤዝ ጊታሩ ድምፅ ክብደት ዝሆኔ የምንለውን ጓደኛዬን አንድም ቀን ጥሩ ተጫወትክ ብዬው አላውቅም። እሱ ቤዝ፣ እኔ ድራም ስንጫወት ጸጉራችን ሸብቷል። ከመድረክ በወረድን ቁጥር "ዛሬም እንቅልፌን አመጣኸው" እለዋለሁ፤ እሱም "አንተ ደግሞ ድራም ነው በር የምትደበድበው?" ይለኛል። የምንዋደደው እንዲህ ነው።

ከዚያ ስትሮክ መታው። እግሩም አንደበቱም ተመለሱለት፤ የግራ እጁ ጣቶች ግን አልፍታታ አሉ። የባንዱ አለቃ "ቅዳሜ ልምምድ ላይ ልስማው። ካልሆነ ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ቤዙን ይሸፍናል" አለኝ፤ ይህን ሲል ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

የተለመደው ባለ አራት ክር ቤዝ አንገቱ ረጅም ነው፤ ጣት ካልተዘረጋ አይያዝም። እንደ ጊታር የተሠራ ባለ ስድስት ክር ቤዝም አለ፤ አንገቱ አጠር ይላል፣ ክሮቹም የተቀራረቡ ናቸው፤ ምናልባት እሱ ይሻለው ይሆናል ተባባልን። ሚስቱ ይህን ሰምታ ሰው ሳታማክር ሄዳ ገዝታ መጣች። ሻጩ "ስድስት ክር፣ ወፍራም ድምፅ፤ ያው ነው እህቴ" ብሏታል።

ዝሆኔ አንዴ ነካ አደረገውና ሳቀ።

"የኔ እመቤት፣ ይቺ እኮ ባሪቶን ጊታር ናት።"

"ስድስት ክር አይደል ያላችሁት? ቁጠራቸው።"

"የጊታር ታላቅ እህት በያት። ድምጿ ትንሽ ወረድ ይላል እንጂ ቤዝ ጋ አትደርስም። እኔ ያልኩት ቤዝ ከጊታር የሚመሳሰለው በክሩ ብቻ ነው፤ ድምፁ ግን እንደ ባለ አራቱ ታች ድረስ ይወርዳል።"

ምስኪን፣ ከሻጩ ጋር ተጨቃጭቃ በትክክለኛው ቤዝ ለወጠችው።

ቅዳሜ ሌሎቹ ሳይመጡ ልምምድ ክፍሉ ገባን። ሚስቱ የመሣሪያውን ቦርሳ አቅፋ በሩ ጋ ቆመች። ወፍራሙን ክር ሲመታው ሆዴ ድረስ ተሰማኝ፤ እውነተኛ ቤዝ ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ ዘፈኑን ጀመርን። አንገቱ አላስቸገረውም፤ ግን የደነዘዘ ጣቱ አንዱን ክር ሲጫን ጎረቤቱንም አብሮ ያፍነዋል። ክሩ ሲራራቅ አይደርስ፣ ሲቀራረብ አይለይ። ቀስ አልኩለት፤ እሱ ከዚያም ዘገየ። ብጠብቀው ብጠብቀው አልመጣም፤ ዘፈኑ መሃል ላይ ቆመ።

"እንዴት ነው?" አለኝ።

ሚስቱ ታየኛለች።

"ጥሩ ነው" አልኩት። "በጣም ጥሩ ነው።"

ገመዱን ከማጉያው ነቀለ። ከዚያ ማንገቻውን ከትከሻው አወለቀና ቦርሳውን እንድትሰጠው እጁን ዘረጋላት።

"ነይ እንሂድ።"

"ምነው? አለቃው ሳይመጣ? ጥሩ ነው አለህ እኮ!"

"ሰማሁት" አላት። "ለዚህ ነው እንሂድ የምልሽ።"