የአርሊስ ቅዳሜ

«ቀብሩ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ብያለሁ፤ ስምንት ሰዓት ነው!» አለች ጃኔል፣ በአይብ የተጋገረውን ድንች ጠረጴዛው ላይ ዱብ አድርጋ።

በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለልቅሶ የተሰበሰበው ሰው ወሬውን ወደ ሹክሹክታ አወረደ። ልጇ ብሬና አንገቷን ደፋች። የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ቅዳሜ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ እዚያው ከተማ ግማሽ ፍጻሜ ይጫወታል፤ ኳስ አደራጇ ብሬና ናት። ቡድኑን ከምንም አንሥተው ያቆሙት ደግሞ ማክሰኞ ያረፉት አያቷ፣ አሰልጣኝ አርሊስ ቲያደን ናቸው።

«እማዬ፣ አያቴ ብትሰማ እኮ...»

«አያትሽማ ከመቃብር ተነሥታም ትሄዳለች! አንቺ ግን ሬሳዋን ትሸኛለሽ።»

በዚያች የአዮዋ ከተማ ሠርግም ሆነ ቀብር ከመቆረጡ በፊት የሴቶቹ የጨዋታ ፕሮግራም ይታያል። ይህን የማያውቅ ቢኖር ትናንት የመጣ እንግዳ ብቻ ነው። ጃኔል ፕሮግራሙን ሳታይ ቀርታ አይደለም። አይታ፣ አስባበት፣ ሆን ብላ ነው ሰዓቱን የቆረጠችው።

ቂም ነበረባት። የእኩዮቿ እናቶች ራት ሲያቀርቡ እሷ የስፖርት አዳራሹ ኮሪደር ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ወንዶቹ ልምምዳቸውን ጨርሰው አዳራሹን እስኪለቁ የሴቶቹ ተራ አይደርስምና። የልደት ኬኳ የተቆረሰው እናቷ ራሳቸው በሚነዱት የቡድኑ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ካደገች ወዲህ አዳራሹን ረግጣው አታውቅም፤ ብሬና ስትጫወት እንኳ ቤቷ ሆና ውጤት ትጠይቃለች። እናቷን ዕድሜ ልክ ከኳስ ጋር ተካፍላለች። አሁን አንድ ቀን፣ የመጨረሻውን፣ ለብቻዋ ፈለገች።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ቬርላ እያነከሱ መጡ። ከመጀመሪያዎቹ የአርሊስ ተጫዋቾች አንዷ ናቸው፤ ሰባ ዓመታቸው ነው።

«ይህ ጉልበት የእናትሽ ሥራ ነው» አሉ ወንበር እየሳቡ። «ነፍሷን ይማርና፣ ካሳ ሳትከፍለኝ ሄደች።»

ጃኔል ሳትወድ ፈገግ አለች።

«የመጀመሪያ ጨዋታችንን ነግራሽ ታውቃለች?»

«ስለ ኳስ አላወራትም ነበር።»

«እንግዲያው ስሚ። እኛ የገጠር ልጆች ትምህርት ቤት የተማርነው የስድስቱን ጨዋታ ነው። ሦስት ተከላካይ፣ ሦስት አጥቂ፤ ተከላካይ የሆነች የመሀሉን መስመር አታልፍም። ለሴት ልብ ሜዳው ሙሉ ይከብዳል ይባል ነበር! ዩኒቨርሲቲ ስንገባ እንደ ወንዶቹ በአምስት፣ ሙሉ ሜዳ። የማሊያችን ቁጥር በፕላስተር የተለጠፈ ነው። ኳሷን ነጠቅሁና በረርሁ፤ መስመሩ ጋ ስደርስ ቀጥ! እግሬ እምቢ አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።»

«እማዬ ጮኸችብዎት?»

«ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሜዳ ገባች! ጨዋታው ሳይቆም እጄን ይዛ መስመሩን አሻገረችኝ። በሌላው እጇ ደግሞ አንቺን ታቅፋ ነበር፤ ገና ጡት አልጣልሽም።»

ጃኔልም ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ዳኛው ቀጣን፣ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። እንዳላነሣባት አስምላኝ ነበር፤ ሽንፈት አትወድም። በማግስቱ የስፖርት ኃላፊው ጠርቶ፣ ‹ወይ ልጅሽን፣ ወይ ቡድኑን ምረጪ› አላት። ‹ልጄ ካልገባች እኔም አልገባም› ብላው ወጣች። ሳምንት ሙሉ አሰልጣኝ አልነበረንም። በኋላ ራሱ ለመናት።»

«እኔ የሚመስለኝ...» አለች ጃኔል። «የምትተወኝ ቦታ ስላጣች የምትጎትተኝ ነበር የሚመስለኝ።»

«ልትተውሽማ ትችል ነበር። አያትሽ እዚያው ጎረቤት አልነበሩ? አልለይሽም ብላ እኮ ነው፣ አንቺ ሞኝ!»

ጃኔል እዚያው ድንቹ አጠገብ ተቀምጣ፣ እናቷ ካረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ወይዘሮ ቬርላ አላባበሏትም። ሲወጣላት ተነሥታ ወደ ፓስተሩ ሄደችና ቀብሩን ለጠዋት አራት ሰዓት አዛወረችው። «ታዲያ ምሳውስ?» አሉ ፓስተሩ፤ በዚያ አገር ከቀብር ቀጥሎ የሚያስጨንቀው የካም ሳንድዊቹ ነው። «ሳንድዊቹን በየኪሳችን» አለች።

ቅዳሜ ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ነጎዱ። ድሮ የተጫዋቾቹ እናቶች ብቻ የሚቀመጡበት መደዳ እስከ ጣሪያው ድረስ ሞልቷል። ጃኔል ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች ከአሮጊቶቹ፣ ከቀድሞዎቹ የአርሊስ ተጫዋቾች መሀል ተቀመጠች። የጨዋታውን ሕግ በደንብ አታውቅም፤ ሰው ሲነሣ ትነሣለች፣ ሲቀመጥ ትቀመጣለች።

ሊያበቃ ጥቂት ሲቀር ቡድኑ በሦስት ነጥብ እየመራ፣ ብሬና ኳሱን ተነጠቀችና ተቆጠረባት። ልጅቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መሬት መሬት አየች። ጠዋት ሬሳ የተሸከመው ትከሻዋ ወደቀ።

«ብሬና! ቀና በይ! ገና ነው!»

አሮጊቶቹ በአንድ ጊዜ ዞሩ። ወይዘሮ ቬርላ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ድምፁ፣ ያ ጎርናና፣ አዳራሽ የሚሰነጥቅ ድምፅ፣ ራሱ የአርሊስ ነበር። ጃኔልም ሰማችው፤ ከገዛ ጉሮሮዋ ሲወጣ ሰማችው።

ሜዳው ላይ ብሬና ቀና አለች።

ጃኔል ዓይኗን በጥቁሩ እጅጌዋ ጠረገችና፣ ሳትቀመጥ፣ እንደገና ጮኸች።