የዘጠና ዓመት ሕዋስ

ኖሪያኪ ቅጹን ሳይፈርምበት አጥፎ ለዶክተሯ መለሰላት። አባቱ ታትሱዞ ካረፉ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም፤ ሴትዮዋ ግን አንጎላቸውን ለምርምር ልትጠይቅ መጥታለች።

"አባቴን ጎደሎ አድርጌ ለአስከሬን ማቃጠያው እሳት አልሰጥም" አላት።

ዶክተር ኪርዩ አልተከራከረችውም። ሽማግሌው ከስድስት ዓመት በፊት በፈቃዳቸው መፈረማቸውን፣ ቤተሰብ እምቢ ካለ ግን ነገሩ እንደሚቀር፣ ሰዓቱም እየሄደ መሆኑን በዝግታ ነገረችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እናቱ ወደ ሱሚዬ አስጠግታ ማስረዳት ጀመረች። ቆዳ ይታደሳል፣ ደምም ይታደሳል፤ አብዛኛው የአንጎል ሕዋስ ግን አብሮን ተወልዶ አብሮን ያረጃል። በውስጡ ያለው ዲኤንኤ የሚባለው የዘር ጽሑፍ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይጫራል። ጭረቱ ከመርሳት ጋር ምን ያህል እንደሚያያዝ ገና በቅጡ አልታወቀም። ታትሱዞ ደግሞ በዘጠና ዓመታቸው እንኳ፣ በካናዛዋ ከተማ የሣር ምንጣፍ የሠሩለትን ቤት ሁሉ ልኩን በቃላቸው ይናገሩ ነበር።

ሱሚዬ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲሰሙ ቆዩና፣

"የተበላሸስ ትወስዳላችሁ?" አሉ።

"ምኑን፣ እማማ?"

"አንጎል ነዋ። የእሱ ደህናው ነው። የኔ ከከዳኝ ቆየ።"

ኖሪያኪ እጃቸውን ያዘ። "እማዬ፣ ደክሞሽ ነው።"

"አልደከመኝም። መርሳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። አንተ ስትደውል ከጎኔ ተቀምጦ መልሱን የሚያቀብለኝ አባትህ ነበር። የልጆችህን ስም ሳይቀር። ለማንም እንዳትነግሪ፣ እኔ አለሁ ይለኝ ነበር። አሁን የለም።"

ኖሪያኪ እሑድ እሑድ ከሚኖርበት ከኦሳካ ከተማ ሲደውል አባቱ በወሬው መሀል እየገቡ ያስቸግሩት ነበር። ባለፈው እሑድ እንኳ፣ እስቲ እሷ ትናገርበት፣ ብሎ ተቆጥቷቸዋል።

ዶክተር ኪርዩ እንዲህ ያለው አንጎልም በጣም እንደሚያስፈልግ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ስልሳ ዓመት የኖሩ ባልና ሚስት ሲሆኑማ ጥቅሙ የበለጠ እንደሆነ አልደበቀችም። "ዛሬ ግን አላስፈርምዎትም። ሐዘን ላይ ነዎት። መጀመሪያ ሌላ ሐኪም ያነጋግርዎታል፤ የሚፈርሙበትን ማወቅዎ መረጋገጥ አለበት።"

"ዛሬ አውቃለሁ" አሉ ሱሚዬ። "የነገውን እንጃ።"

ኮሪደሩ ላይ የምሳ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ።

ኖሪያኪ እጁን ለዶክተሯ ዘረጋ። ቅጹን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አቃናው፤ ከአባቱ ስም በታች የራሱን ጻፈ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ እናቱን የሚያነጋግረው ሐኪም የሚገኘው መቼ እንደሆነ ጠየቃት።

"ማክሰኞ ጠዋት።"

ወደ ኦሳካ የሚመለስበት የባቡር ትኬት ለሰኞ የተቆረጠ ነበር።

"እኔ ይዣት እመጣለሁ" አላት።